የካራዋ ካሴት ቤትና የአባቴ 14 ካሴቶች

ከመገናኛ ተነሥቶ በኮተቤ በኩል ወደ ካራ የሚወጣው ሚኒባስ የመጨረሻ ተሳፋሪዎቹን ካራገፈበት ቦታ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚያቀናው አውራ መንገድ ዳር፣ በወፍጮ ቤትና በቆርቆሮ መሸጫ መካከል የተሸጎጠች፣ በሯ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ስም የተጻፈበት ታፔላ የላትም፤ ከበሩ በላይ በተለጠፈ ካርቶን ላይ «ካሴትና ሸክላ ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል የእጅ ጽሑፍ ብቻ ይነበባል። ስለዚህች ቤት አገልግሎት የምጽፈው ባለፉት ሁለት ወራት አራት ጊዜ ተመላልሼ፣ ገንዘቤን ከፍዬ፣ የተረከብሁትንም ሥራ እቤቴ ደጋግሜ ካዳመጥሁ በኋላ ነው። ካሴት ከማስገልበጥ ያለፈ ነገርም አግኝቼባታለሁ። አንድ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለ ዘፈን ከቀደመው ሙዚቃ ምን እንደሚወስድ፣ የወሰደውንም እንዴት አድርጎ አዲስ እንደሚያደርገው በገዛ ጆሮዬ የለየሁት እዚያች ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ጽሑፌ ከተለመደው የአገልግሎት አስተያየት ረዘም ማለቱ አይቀርም።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የአሰብ መንገድ እስከተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ወደቡ ይመላለስ ነበር። ሲሞት ከተወልን ዕቃ መካከል በእንጨት ሳጥን የተቀመጡ 14 ካሴቶች ይገኙበታል። ዘጠኙ ከሙዚቃ ቤት የተገዙ ሲሆኑ፣ ሽፋናቸው የዘፋኙን ፎቶግራፍ እንዲሁም የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ስም የያዘ ነው። አምስቱን ግን አባቴ ራሱ በየአደረበት ቤት በራዲዮ ካሴቱ ቀድቷቸዋል፤ በላያቸውም በሰማያዊ እስክሪብቶ «ባቲ፣ ሰኞ ማታ»፣ «ኮምቦልቻ፣ ሌሊት» እያለ ጽፎባቸዋል። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አባቴ ሰኞን የመረጠው ገበያተኛው ሳይበተን አዝማሪ ስለሚገኝ ይመስለኛል።

ወደ ካራ ከመሄዴ በፊት መሃል ከተማ ላለ አንድ መደብር ሁለት ካሴት ለሙከራ ሰጥቼ ነበር። አንደኛው ክሩ ተጨማድዶና መሃል ላይ ተበጥሶ ተመለሰልኝ፤ የሁለተኛው ቅጂ ደግሞ የመጀመሪያው ዘፈን ከአጋማሹ ተጀምሮ ነው የደረሰኝ። በዚህ ምክንያት ካራ ስደርስ ካሴቶቹን ከቦርሳዬ ከማውጣቴ በፊት ብዙ ጠየቅሁ። የቤቱ ባለቤት በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ሰው ሲሆኑ፣ ጥያቄዬን እንደ ስድብ አልቆጠሩትም። «ልጄ፣ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ፤ ካሴት አንዴ ከተበላሸ በይቅርታ አይመለስም» አሉኝና የሚሠሩበትን መንገድ አንድ በአንድ አሳዩኝ።

እያንዳንዱን ካሴት በመስኮቱ ብርሃን አይተው፣ እርሳስ አስገብተው ጥቂት ዞር እያደረጉ ክሩ መላላቱን ወይም እርስ በርሱ መጣበቁን ይፈትሻሉ። ክሩን ወደ ማንበቢያው የምትገፋው ትንሽ ስፖንጅ ካረጀች ካሴቱን በቀጭን ብሎን መፍቻ ከፍተው በሌላ ይተኳታል። ያ የተበጠሰው ካሴት ሲቀጠል አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። የካሴት ክር ስፋቱ 3.81 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጋሼ የተጎዳውን አንድ ሴንቲሜትር ያህል በምላጭ በሰያፍ ቆርጠው አወጡት፣ ሁለቱን ጫፎች ጠርዝ ለጠርዝ አገናኙ፣ ከጀርባ በኩል ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ስስ ፕላስተር አጣበቁ፣ ትርፉን በምላጩ ጫፍ ሲከረክሙም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ክሩ በማጫወቻው ውስጥ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ስለሚጓዝ በዚህ ቀዶ ጥገና የጠፋው ድምፅ ሩብ ሴኮንድ አይሞላም። እቤቴ ቦታውን እየጠበቅሁ ሳዳምጥ እንኳ ያገኘሁት በሦስተኛው ሙከራዬ ነው። ከእያንዳንዱ ካሴት በኋላ የማጫወቻውን ማንበቢያ (ሄድ) በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠርጋሉ፤ ጥጡ ላይ የሚቀረው ቡናማ ዱቄት ከክሩ የረገፈ ነውና፣ ይህን የማያደርግ ቤት የአንዱን ካሴት ርጋፊ በሌላው ላይ እያሻሸ ይጨርሰዋል።

ዋጋው ለአንድ ካሴት 150 ብር ነው። ለ14ቱ 2,100 ብር ተስማምተን ግማሹን በቅድሚያ ከፈልሁ። ቅጂውን በዌቭ ወይም በኤምፒስሪ የፋይል ዓይነት ለመውሰድ ዋጋው አንድ ነው፤ ሆኖም ባለቤቱ ካልተጠየቁ ልዩነቱን ስለማይነግሩ እዚህ ላይ ልጨምረው። የአንድ ሰዓት ካሴት በዌቭ ከ600 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ሲሆን 60 ሜጋባይት አይሞላም፣ ይህም የሚሆነው ከድምፁ ብዙው ስለሚጣል ነው። ለስልክ ኤምፒስሪው ይበቃል። ለልጅ ልጅ ሊቀመጥ የታሰበ ነገር ግን ዌቭ ይሁን።

አሁን ቤቲቱን ከሌሎች ሁሉ ወደለየልኝ ጉዳይ ልግባ። በክፍሉ ጥግ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበርና ሁለት ሄድፎን አሉ፤ ደንበኛው ሥራውን ሲረከብ ተቀምጦ እንዲያዳምጥ፣ ካልተስማማውም እዚያው እንዲናገር ታስቦ የተደረገ ነው። ሁለተኛ ጊዜ በሄድሁበት ቀን «ባቲ፣ ሰኞ ማታ፣ መስከረም 1979» የሚለውን ካሴት እያዳመጥሁ ሳለሁ ባለቤቱ ድንገት አስቆሙትና «ይህን አዝማች አታውቂውም?» አሉኝ። አላወቅሁትም ነበር። ረዳታቸው የሆነው ወጣት በስልኩ አንድ ዘፈን ከፈተ። ባለፈው ክረምት በየሚኒባሱ፣ በየካፌውና በየሠርጉ የተሰማ፣ የእኅቴ ልጅ ደግሞ «እንዲህ ያለ ዜማ ከዚህ በፊት ተሰምቶ አያውቅም» ብሎ የተሟገተለት ዘፈን ነው። «ልጄ፣ ይቺን አዝማች አባትሽ ያኔ ቀድተዋታል» አሉ ጋሼ።

ሁለቱን እያፈራረቅን ስድስት ሰባት ጊዜ ሰማናቸው። በአባቴ ካሴት ላይ ስሙ ያልተጻፈ አንድ አዝማሪ በመሰንቆ ይዘፍናል፤ አንዲት ሴት አዝማቹን ትቀበለዋለች፤ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ አንድ ጊዜም ከውጭ ከባድ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። አዝማቹ ከላይ ተነሥቶ በአራት እርከን ይወርድና መጨረሻዋ ድምፅ ላይ ጥቂት ተንቀጥቅጦ ይቆማል። አዲሱ ዘፈን ያንኑ አወራረድ ይዟል። ነገር ግን ዘፋኙ ገና አፉን ሳይከፍት አወራረዱን በኪቦርድ የተሠራ የክራር ድምፅ ቀድሞ ያሰማዋል፤ ከሥሩ ቤዝ ገብቷል፤ የአዝማሪው ስድስት ስምንተኛ የችክችካ ምት ቀርቶ እኩል አራት በሚመታ የኮምፒውተር ከበሮ ተተክቷል፤ አዝማቹም አንዴ መባሉ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ይደገማል። የአዝማሪው ግጥም ገበያ ወጥታ ስለቀረች ሴት ነበር፤ የአዲሱ ስለማይመለስ የስልክ ጥሪ ነው። የሚጠበቀው ሰው አለመምጣቱ ግን በሁለቱም አንድ ነው፤ ዜማው የተሠራበትን ሐዘን አዲሱ ገጣሚ በሚገባ አውቆታል ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ ሌላ ነው። አዝማሪው አዝማቹን ጨርሶ በየጊዜው ጥቂት ዝም ይላል። ያ ዝምታ በአዝማሪ ቤት ሥርዓት ባዶ አይደለም፤ ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥበት፣ አዝማሪውም የተሰጠውን ስንኝ ተቀብሎ በመሰንቆው የሚመልስበት ቦታ ነው። በአባቴ ካሴት ላይ ግጥም ሰጪዎቹ ይሰማሉ፤ የአንደኛው ድምፅ የአባቴ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱ ዘፈን ውስጥ ግጥም የሚሰጥ ሰው የለም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ማንም አልተቀመጠምና። ሆኖም አቀናባሪው ዝምታውን አልደፈነውም። ልክ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ያህል ጊዜ፣ ሙዚቃው ሁሉ ቆሞ ጭብጨባ ብቻ ይቀራል፤ ሠርግ ላይ ያየሁት ወጣት ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚጮኸው ለዚህ ነበር። አቀናባሪው የአዝማሪ ቤት ልማድን አውቆ ያደረገው ይሁን ከዜማው ጋር ሳያውቀው የወረሰው፣ የድሮው ቤት ቅርጽ በአዲሱ ዘፈን ውስጥ ቆሞ ይታያል። እኔ የዚህን ዘፈን ትልቅ ሥራ የማየው እዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ የመጨረሻዋን ድምፅ መንቀጥቀጥ በኮምፒውተር አርመው ቀጥ ያለች አድርገዋታል፤ ይህንንም እንደ ጉዳት እቆጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም የአዝማሪው ልቅሶ የነበረው በዚያች መንቀጥቀጥ ውስጥ ነው።

የእኅቴ ልጅ በኋላ ሁለቱን ሰምቶ «እንግዲያው ሰርቀውታል» አለ። ይህ ፍርድ ፈጥኖ የመጣ ነው፤ ካራ የተማርሁትም አንዱን መዋስ ከሌላው መለየት ነው። ከሁሉ በታች ያለው ቅኝት፣ ማለትም ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት ሆነው አያውቁም። ትዝታን በፒያኖ ከዶ ብንጀምረው በሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሚንና ላን በግማሽ ቃና ዝቅ ስናደርጋቸው ማይነሩ ይሆናል፤ በእነዚህ አምስት ድምፆች የተዘፈነው ተቆጥሮ አያልቅም። ከዚህች ቤት ደጃፍ ቆሞ ወደ ደሴ የሚያልፈውን አውቶቡስ የሚያይ ሰው ደግሞ ባቲና አምባሰል የቅኝት መጠሪያ ብቻ ሳይሆኑ በወሎ ምድር የሚገኙ የሚረገጡ አገሮች እንደሆኑ አይዘነጋም። ከቅኝት በላይ ዜማ አለ፤ ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ሰው ድርሰትም ሊሆን ይችላል። ከዜማ በላይ ቅንብር፣ ከቅንብርም በላይ በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ራሱ አለ። ቅኝት የተዋሰ ሰው ከማንም ምንም አልወሰደም። የሌላውን የተቀዳ ድምፅ ቆርጦ የቀጠለ ግን ሊጠየቅና ሊከፍል ይገባዋል።

ትዝታን ብቻ ብንወስድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈን ስም ነው፣ የስሜትም ስም ነው። ካሳ ተሰማ በክራር፣ አስናቀች ወርቁ በክራር፣ በዛወርቅ አስፋው በባንድ ታጅባ ተጫውተውታል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስንኝና የራሳቸውን እስትንፋስ ይዘው ስለገቡ ማንም አንዳቸውን በስርቆት አልከሰሰም። ትዝታን የዘፈነ ሰው አዲስ ነገር ያመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ዜማውን በመለወጥ አይደለም፤ በአገባቡ፣ በአወራረዱና በሚጨምረው ግጥም ነው የሚመዘነው።

ጌታቸው መኩሪያ ያደረገው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። ሽለላና ፉከራ የሰው አፍ ሥራ ነበር፤ ጦረኛው ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ የሚያሰማው። ጌታቸው ያንን ጩኸት ወደ ሳክስፎን አሸጋገረው፤ ሲነፋ የሚሰማው የመሣሪያ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሚያቅራራ ሰው ነው። የፈረንጅ መሣሪያ ተዋሰ ለሚል ሰው መልሱ፣ መሣሪያውን አማርኛ አስተምሮታል የሚል ነው። ባለቤቱ በዚያው ዕለት የእሱን አንድ ሸክላ ከፍተው ሲያሰሙን፣ ወፍጮ ቤት እህል ለማስፈጨት የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው አዳምጠው ሄዱ።

ከአባቴ ካሴቶች አንዱ የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» መሆኑን ያወቅሁት ባለቤቱ ሽፋኑን ሲያነሡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ካሴት ነው። በየቤቱ የሚታወቁ የቆዩ ዜማዎችን አኮርዲዮን ይዞ፣ ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ከበሮ ጋር አዋሕዶ ተጫውቷቸዋል። አኮርዲዮኑ የቀደመውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ጊዜ የሚያስታውስ ሲሆን፣ ሲንተሳይዘሩ በወቅቱ አዲስ ነበር፤ ስለዚህ ካሴቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም በአንድ ጊዜ ያያል። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ይህንኑ ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና እንዲታተም አደረገ፤ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። አባቴ ይህን ካሴት በመኪናው ውስጥ ሲሰማው በዓለም ላይ ተፈላጊ ይሆናል ብሎ የገመተ አይመስለኝም፤ ከሳጥኑ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተዳመጠው ግን እሱ እንደሆነ ከክሩ መልፋት ይታወቃል።

የተቀዳውን ድምፅ ራሱን የመዋስን ነገር በምሳሌ ያስረዳኝ ረዳቱ ወጣት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ውጭ አገር የተማረውን ጃዝ ከአገር ቤት ቅኝት ጋር አጋብቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ «የግሌ ትዝታ» የተባለ የመሣሪያ ሙዚቃ አስቀረጸ፤ ርእሱ ራሱ የተነሣበትን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ድምፃዊው ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር» የሚለውን ዘፈናቸውን የሠሩት ከዚያው ቅጂ ቆርጠው በመውሰድና እየደጋገሙ በማዞር ነው። ወጣቱ ሁለቱን በሁለት ሄድፎን አንድ ላይ አሰማኝ፤ በግራ ጆሮዬ የሙላቱ፣ በቀኙ የእነሱ። ሙላቱ ከትዝታ ሐሳቡን ወስዶ ሌላ ነገር ሠራ፤ እነሱ ደግሞ ከሙላቱ የተነፋውን አየር ራሱን ወሰዱ። ሁለቱም መዋስ ይባላል፤ የሚያስከትሉት ግዴታ ግን አንድ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ አቀናባሪም ባቀናበረው ላይ የራሱ መብት አለው። ባለቤቱ ይህን ያውቃሉ፤ ሌላ ደንበኛ ያስገለበጠውን የአንድ ድምፃዊ ካሴት ቅጂ እንዲሸጡልኝ ስጠይቃቸው «የሰው ነው፤ ያንቺን ብቻ ነው የምሠራልሽ» ብለው ከልክለውኛል። በወቅቱ ቅር ቢለኝም ትክክል እንደነበሩ አሁን እመሰክራለሁ።

ወደ ጉድለቶቹ ልለፍ። አንደኛው መዘግየት ነው። በአንድ ሳምንት ይደርሳል የተባለው ሥራ ያለቀው በሦስት ሳምንት ተኩል ነው። የመብራት መቋረጥ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ካሴት የሚገለበጠው በሚጫወትበት ፍጥነት ስለሆነ፣ አንድ ጎን ሊያልቅ ሲል መብራት ከሄደ ያ ጎን ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህን ተረድቻለሁ። ነገር ግን መዘግየቱን በስልክ ስላልነገሩኝ ሁለት ጊዜ ከጀሞ ተነሥቼ ካራ ድረስ በከንቱ ተመላልሻለሁ፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አራት ካሴቶች ስረከብ ረዳቱ የክሩን ሽሽታ፣ ሽ የሚለውን ድምፅ፣ ለማጥፋት በኮምፒውተር አጣርቷቸው ነበር። ሽሽታው በእርግጥ ጠፍቷል። አብሮት ግን የመሰንቆው ነፍስ ጠፍቷል። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ በሌላ የፈረስ ጭራ የሚመታበት መሣሪያ ነው፤ የሚፋተገው ድምፅ ከዜማው ጋር አንድ አካል ነው። ኮምፒውተሩ ያንን መፋተግ ከሽሽታ አልለየውም። ያገኘሁት ቅጂ ሰውየው ጋቢ ተከናንቦ የሚዘፍን ዓይነት ነበር፤ የብርጭቆው ድምፅና የጭብጨባው ጥርትታም ደብዝዞ ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ስናገር ባለቤቱ ራሳቸው ሄድፎኑን ወስደው አንድ ደቂቃ ያህል ሰሙ፤ ከዚያም ወጣቱን ሳይቆጡ «እንደገና ይቀዳ፣ ምንም ሳይነካ» አሉ። አራቱም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተደገሙ። ስለዚህ ካሴት የምትሰጡ ሁሉ «ሳይጣራ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ማጣራት ከተፈለገ በኋላ በቅጂው ላይ ማድረግ ይቻላል፤ የጠፋውን መመለስ ግን አይቻልም።

የፍጥነት እርማታቸውን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። አባቴ በባትሪ ይቀዳ ስለነበር፣ ባትሪው ሲደክም መቅጃው ይዘገያል፤ እንዲህ የተቀዳ ክር ደህና ማጫወቻ ላይ ሲሰማ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በመቶ 6 ያህል የፍጥነት ጭማሪ ዜማውን በግማሽ ቃና ከፍ ያደርገዋል። በአንዱ ካሴት መጨረሻ ላይ አዝማሪው ቀስ በቀስ ወደ ሕፃን ድምፅ እየተለወጠ ይሄድ ነበር። ባለቤቱ ክፍሉን ቆራርጠው በጆሯቸው እየለኩ መልሰው አስተካከሉት። ድምፁ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ቅኝቱ አይጠፋም፤ የሰኞ ማታውን አዝማች ከአዲሱ ዘፈን ጋር ማገናኘት የቻሉትም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነግረውኛል።

ሦስተኛው ጉድለት ለእኔ ከሁሉ ይከብዳል፤ እስካሁንም አልታረመም። በፍላሹ ላይ ያገኘሁት «001»፣ «002» እየተባለ የተሰየመ ፋይል ነው። የዘፋኙ ስም የለም፣ የገጣሚው የለም፣ የአቀናባሪው የለም። የሙዚቃ ቤት ካሴቶች ሽፋን እኮ ይህን ሁሉ ይነግረናል፤ የዜማው ባለቤት ባልታወቀበት ላይ እንኳ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለቱ ቃላት ትንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ዘፋኙ «ይህን እኔ አልፈጠርሁትም፣ ተቀብዬ ነው» ብሎ የሰጠው ምስክርነት ናቸው። ያ ክረምቱን የሞላው አዲስ ዘፈን የዜማው ባለቤት ዘፋኙ እንደሆነ ተጽፎ ነው የወጣው። እኔ በዘፋኙ መዋስ ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም የዝምታውን ነገር ሳስብ አመሰግነዋለሁ፤ «የሕዝብ» ማለት ግን ምን ይጎዳው ነበር? ይህ ዓይነቱ መሳት የሚጀምረው ስም የሌለው ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ «007»ን በስልኩ ያገኘ ወጣት ከማን እንደተዋሰ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ካሴት የሚገለብጥ ቤት ስሙንም አብሮ የመገልበጥ ኃላፊነት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህንኑ ለባለቤቱ ነግሬያቸው «ጊዜ ይፈጃል» የሚል መልስ ሰጥተውኛል። ጊዜ ይፈጃል፤ ለዚህም 20 ወይም 30 ብር ቢጨምሩ የሚከፍል ደንበኛ ያገኛሉ። የእኔን ስሞች እቤቴ ሦስት ምሽት ፈጅቼ ራሴ ጻፍኋቸው። አዝማሪውን «ስሙ ያልታወቀ አዝማሪ፣ ባቲ፣ መስከረም 1979» ብዬዋለሁ።

ከ14ቱ ካሴቶች 13ቱ በሚገባ ተገልብጠዋል። አንዱ፣ «ኮምቦልቻ፣ ሌሊት» የሚለው፣ ውኃ ገብቶበት ክሩ ተጣብቆ ስለነበር አልተቻለም፤ ባለቤቱ በግድ ቢስቡት እንደሚላጥ አሳይተውኝ 150 ብሩን ከቀሪው ሒሳብ ቀንሰውልኛል። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን የማይሰማ ቅጂ ሰጥቶ ያስከፍል ነበር። ካሴቱን እንዳልጥለው፣ በደረቅ ቦታ ቁሞ እንዲቀመጥና ማንም በእርሳስ እንዳያዞረው መክረውኛል።

በጥራት ከሄድሁባቸው ሁሉ ትበልጣለች፤ በቀጠሮ አክባሪነት ግን ታንሳለች። መንገዱ ሩቅ ለሆነበት ሰው ከመነሣቱ በፊት መደወል ይኖርበታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አግዳሚው ወንበር በሽማግሌዎች ስለሚያዝ፣ ሥራ ለመረከብ የሚመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ካሴቶቻችሁን ስትወስዱ በጨርቅ ጠቅልሏቸው፣ ሚኒባስ ውስጥም ከስፒከሩ አጠገብ አትቀመጡ፤ ማግኔቱ ክሩን ሊጎዳው ይችላል። ሽፋኑ የተቀደደም ቢሆን አብራችሁ ውሰዱ፣ እዚያው በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡት፤ በቤታችሁ የተቀዳ ካሴት ካላችሁም በላዩ ላይ የተጻፈው የእጅ ጽሑፍ ሳይደበዝዝ የት፣ መቼና በማን እንደተቀዳ በሕይወት ያለ ዘመድ ጠይቃችሁ ጻፉት። እኔ የባቲውን አዝማሪ ስም አባቴን ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ።